የዘረመል መገለጥ፦ የሰው ችፌ በአይጥ ቆዳ ሲመረመር

በሕክምና መጻሕፍት «ጂን ኤክስፕሬሽን» የሚባለውን ነገር በዚህ ጽሑፍ «የዘረመል መገለጥ» ብለን እንጠራዋለን። «አገላለጽ» የተናጋሪን የንግግር ስልት ስለሚያስታውስ፣ «አስተርእዮ»ም ምሥጢሩ ምንም ቢስማማ ከጥምቀት ጀምሮ ላለው ወቅት መጠሪያ ሆኖ ስለ ጸና፣ ተሰውሮ የነበረው ወደ ግብር መውጣቱን የሚያስረዳው «መገለጥ» የተሻለ ሆኖ ታይቶናል።

ነገሩም እንዲህ ነው። የአንድ ሰው የቆዳው ሕዋስም ሆነ የጉበቱ ሕዋስ የሚይዘው የዘረመል ጽሑፍ አንድ ሲሆን፣ በውስጡም ለፕሮቲን ሥራ ትእዛዝ የሚሰጡ ወደ 20,000 የሚጠጉ ዘረመሎች ይገኛሉ። ነገር ግን ቅዱሳት መጻሕፍት ሁሉ በቤተ ክርስቲያን እያሉ ከመልእክታቱ፣ ከግብረ ሐዋርያትና ከወንጌሉ የዕለቱን ምንባብ ግጻዌ ለይቶ እንደሚያወጣ፣ ሕዋስም ከያዘው ጽሑፍ ለሥራው የሚያሻውን ብቻ መርጦ አር.ኤን.ኤ. ወደሚባል ቅጂ ይገለብጣል፤ ከዚያም ፕሮቲኑ ይሠራል። መገለጥ ያልነው ይህንን ነው። በሽታም የሚመጣው ጽሑፉ ሲበላሽ ብቻ አይደለም፤ መነበብ የሚገባው ክፍል ሲታጠፍ፣ ዝም ማለት የሚገባውም ያለ ጊዜው ሲነበብ ጭምር ነው።

ችፌ የያዘው ሕፃን የክርኑና የጉልበቱ እጥፋት ይደርቃል፣ ይቀላል፣ እርሱንም እናቱንም እንቅልፍ እስኪነሣ ድረስ ያሳክከዋል። ተመራማሪው በታማሚው ፈቃድ ከታመመው ቆዳ ጥቂት ሚሊ ሜትር የምትሰፋ ቁራሽ፣ ከዚያው ሰው ጤነኛ ቆዳም ሌላ ቁራሽ ወስዶ በብርቱ ቅዝቃዜ ያቆያቸዋል፤ በቤተ ሙከራም አር.ኤን.ኤው ተለይቶ ይወጣና የእያንዳንዱ ዘረመል ቅጂ በመሣሪያ ይቆጠራል። ሁለቱ ቆጠራዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ የቆዳውን ቅጥር የሚያጸኑት ፊላግሪንና ሎሪክሪን በታመመው ቆዳ ቀንሰው፣ ብግነትን የሚያነሣሣው የሕዋሳት መልእክት፣ ኢንተርሊውኪን-13፣ ግን በዝቶ ይገኛል።

የሰውን ቆዳ በሽታው ከመጀመሩ አስቀድሞ አንሥቶ በየሳምንቱ እየቆረጡ ማየት ስለማይቻል፣ ሊቃውንቱ አይጥን አምሳል አድርገው ያጠናሉ። በጃፓን አገር በናጎያ እ.ኤ.አ. በ1957 የተመሠረተው «ኤንሲ ኤንጋ» የተባለው የአይጥ ዘር ከዚህ ወገን ነው። ይህ አይጥ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን እንዳይገቡበት በተጠበቀ ክፍል ሲያድግ ቆዳው ጤነኛ ሆኖ ይኖራል፤ በተራ ክፍል ሲያድግ ግን ጆሮውንና ፊቱን እስኪደማ ድረስ ሲያክክ ይታያል። የዘረመሉ ጽሑፍ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ማደሪያው ነው። መገለጥ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ለሚሻ ሰው ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

ይሁን እንጂ የዓይን ምስክርነት ብቻውን እንደማያስተማምን ሌላ አይጥ አስተምሯል። እ.ኤ.አ. በ2006 በስኮትላንድ በደንዲ ከተማ በአርዊን ማክሊን የሚመራው ቡድንና ባልንጀሮቹ፣ የፊላግሪን ዘረመል መሰበር ሰውን ለችፌ እንደሚያጋልጥ አሳዩ። ከ3 ዓመት በኋላም ጅራቱ የሚቀረፈፈውና ቆዳው የሚደርቀው አንድ የታወቀ የአይጥ ዘር በዚሁ ዘረመል ላይ ስብራት እንዳለው ሲታወቅ፣ የሰው ችፌ ትክክለኛ አምሳል ተገኘ ተባለ። ግን ያ አይጥ ጠጉሩን የሚያድበለብል ሌላ ስብራት ከጥንት አብሮት ኖሯል፤ ሁለቱን በእርባታ ለያይተው የመረመሩ ቡድኖችም እ.ኤ.አ. በ2013፣ የቆዳው ብግነት የሚመጣው ቲሜም-79 ከተባለው ከዚያ ከሌላው ዘረመል መሆኑን ገለጡ። መልኩ ቢመሳሰልም መንገዱ የተለየ ነበር።

ስለዚህ አምሳል በመልክ ሳይሆን በመገለጥ ይመዘን ዘንድ ተገባ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት የ6 ዓይነት አይጦችን የዘረመል መገለጥ ከሰው ችፌ ጋር ሲያስተያይ፣ ከሁሉ የቀረበው፣ ማለትም ኢንተርሊውኪን-23 በቆዳው የተወጋው አይጥ፣ የተጋራው 37 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር፤ ኤንሲ ኤንጋም 18 በመቶ ላይ ቀረ። የአይጥ ቆዳ በጠጉር የተሸፈነ፣ የላይኛው ሽፋኑም ከሰው ይልቅ እጅግ የሳሳ ነውና ልዩነቱ ባያስደንቅም፣ በአይጥ የተፈወሰውን ሁሉ በሰው ይፈወሳል ብሎ ለሚቸኩል ሰው ይህ ቁጥር ሊነገረው ይገባል።

ግን አይጥን ከንቱ ማለትም ግፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ኢንተርሊውኪን-31 ያለ መጠን እንዲገለጥባቸው የተደረጉ አይጦች ጠጉራቸው እስኪረግፍ ድረስ ያኩ ነበር፤ የዚህኑ መልእክት ተቀባይ የሚዘጋው ኔሞሊዙማብ የተባለ መድኃኒትም እ.ኤ.አ. በ2022 በጃፓን ለችፌ ማሳከክ ተፈቀደ።

ለእኛ ደግሞ የተለየ ጉዳይ አለ። በኢትዮጵያውያን የችፌ ታማሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ምርመራ፣ በአውሮፓውያን ዘንድ የታወቁትን የፊላግሪን ስብራቶች ሳያገኝ፣ አንድ አዲስ ስብራት ብቻ አገኘ። ነገር ግን ጽሑፉ ሳይሰበር እንኳ ኢንተርሊውኪን-4 እና ኢንተርሊውኪን-13 የፊላግሪንን መገለጥ እንደሚያሳንሱ በሰው የቆዳ ሕዋስ ላይ ታይቷል። እንግዲህ ስለ ኢትዮጵያዊው ሕፃን ችፌ ሲጠየቅ፣ ዘረመሉ ተሰብሯል ወይ ብሎ መመርመር ብቻ አይበቃም፤ በታመመው ቆዳው ውስጥ ምን ያህል ተገልጧል ተብሎም ሊለካ፣ በሌላ ሕዝብ ቆዳ የተመዘነው አይጥም ከእርሱ ቆዳ ጋር ዳግመኛ ሊመዘን ይገባል።