ባልና ሚስት በአንድ ደብተር

በጎጃም ገጠር፣ ከመራዊ ዙሪያ እስከ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ድረስ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ አንድ ሰነድ አለ። በሕግ ቋንቋ የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይባላል፤ ገበሬው ግን ባጭሩ «ደብተሩ» ይለዋል። ገለጥ ሲያደርጉት ማሳዎቹ ከነአዋሳኞቻቸው ተዘርዝረዋል፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ወንዝ፣ በሰሜን መንገድ እያለ ይሄዳል። ከባለይዞታዎቹ ስም ጋር ደግሞ ሁለት ጉርድ ፎቶዎች ተለጥፈዋል፤ አንዱ የባል፣ አንዱ የሚስት።

የመታወቂያ ፎቶ ታሪክ በብዙ አገር የሚተረከው ከፖሊስና ከድንበር ጠባቂ ጋር ተያይዞ ነው። በጎጃም ግን ጎልቶ የሚታየው በመሬት በኩል ነው። የገጠር ሴት ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፊው በመንግሥት ሰነድ ላይ የሰፈረው ከማሳዋ ጋር ነውና።

ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ አለን ሆበን በ1950ዎቹ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ የአማራን የመሬት ሥሪት አጥንቷል፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሟል። እሱ እንዳሳየው የጎጃም ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ነበር። ሰው የርስት ክርክር ሲገጥመው ዘሩን እስከ አቅኚው አባት ድረስ ይቆጥራል፤ በሐረጉ መካከል እናቶችና ሴት አያቶች ይገኛሉ፤ መብቱም በእነሱ በኩል ያልፋል። ሴት ልጅ ርስት ትጠይቃለች፤ ትካፈላለችም። ይህ ሁሉ የሚጸናው ግን በሽማግሌ ቃልና በሙግት ነበር። በሬ ጠምዶ የሚያርሰው ወንድ በመሆኑ ድርሻዋ በባሏ ወይም በወንድሟ እጅ ይውላል። ግብሩን የሚከፍለው ወንዱ ነው፤ ደረሰኙም በስሙ ይቆረጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ በ635ኛው አንቀጽ ደነገገ።

የጎጃም ገበሬ ራሱ ወረቀትን በጥርጣሬ ሲያይ ኖሯል። መሬት መለካትና መመዝገብ ርስትን ለመንጠቅ የሚደረግ ዝግጅት እንደሆነ ያምን ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ሞጣንና ቢቸናን ጨምሮ ብዙ ወረዳ በመሣሪያ ተነሣ፤ መንግሥትም በመጨረሻ ወደ ኋላ አለ። እንዲህ ባለ አገር ባልና ሚስት ፎቶ ተነሥተው ለመሬት ጽሕፈት ቤት የሚሰጡበት ቀን ይመጣል ብሎ ያኔ የተናገረ ሰው ቢኖር የሚያምነው አይገኝም ነበር።

ፎቶው ከሌላ አቅጣጫ ነው የመጣው። ሚሲዮናዊው ሄንሪ ስተርን ካሜራ ይዞ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው። ከዚያ በኋላ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሙያውን ይዘው እስከ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቀጠሉ። ያ ፎቶ የክብር ነበር፦ ካባ፣ ዘውድ፣ ጎራዴ፣ ጎፈር። በሌላው ዓለም ደግሞ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ሌላ ዓይነት ፎቶ ተወለደ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1914 መጨረሻ፣ ብሪታኒያ በ1915 ፎቶ በፓስፖርት ላይ ግዴታ አደረጉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደንቡ ልል ስለነበር ባርኔጣ ያደረገ ሰው፣ ቤተሰቡን ከጎኑ ያሰለፈ አባወራም ያልፍ ነበር። ሚስት በባሏ ፓስፖርት ውስጥ ትካተት ነበር፤ ለብቻዋ ድንበር መሻገር የማትችልበት ወረቀት ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ የጎጃም ብቻ አልነበረም፤ ለንደንም ላይ የሴት ፊት የሚታየው በባል በኩል ነበር።

ጉርድ ፎቶ ወደ ተራው ኢትዮጵያዊ የወረደው በተለይ ከአብዮቱ በኋላ ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመ፤ ቀበሌ ከዚህ ተወለደ፤ የቀበሌ መታወቂያም ተከትሎ መጣ። በገጠር ግን በዚያው ዓመት የተመሠረቱት የገበሬ ማኅበራት በአባልነት የሚመዘግቡት አባወራውን ነበር። ሴት በራሷ ስም የምትመዘገበው ባሏ ሲሞት ወይም ስትፈታ ነበር። ቡሬ ከተማ ውስጥ የምትኖር ሴት መታወቂያ ሊኖራት ይችል ነበር፤ ሁለት ሰዓት በእግር ርቃ ገጠር ያለችው እህቷ ግን ፊቷ የተለጠፈበት አንዳች ወረቀት አልነበራትም።

በየወረዳው ከተማ ፎቶ ቤቶች የተከፈቱትና የኖሩት በዚሁ ጉርድ ፎቶ ነው። ሙሉ ቁመት የሚነሡት ለሠርግና ለበዓል ነው፤ ጉርዱ ግን ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሥራ ማመልከቻ ሁልጊዜ ይፈለጋል። ግድግዳው ላይ ኮትና ከረባት ይሰቀላል፤ ከገጠር የመጣው ጎልማሳ ከጋቢው ላይ ኮቱን ደርቦ ይነሣል። ለሴት የሚሰቀል ልብስ እምብዛም የለም። ለእሷ የሚሰጣት ትእዛዝ ነው። «እማማ፣ ሻሹን ትንሽ ወደ ኋላ ይግፉት፤ ግንባርዎ ይታይ። ጆሮዎም ይታይ። ቀና ይበሉ።»

ይህን ትእዛዝ ቀላል የሚያደርገው ከተማ ያደገ ሰው ብቻ ነው። በጎጃም የራስ ጸጉር የሰውን ዕድሜ፣ ጾታና ኑሮ የሚናገር ነበር። ትንሽ ወንድ ልጅ ቁንጮ ይተውለታል። ያላገባች ልጅ መሐል አናቷ ተላጭቶ ዙሪያው ይቀርና ሳዱላ ትባላለች፤ ስታገባ ጸጉሯን ታሳድጋለች፣ ሹሩባ ትሠራለች፣ ሻሽ ታስራለች። ባሏ የሞተባት ጸጉሯን ተላጭታ ከል ትለብሳለች። የመነኮሰች ቆብ ትደፋለች። ቄሱ ጥምጥሙን አይለይም። ወንዱም የራሱ ቋንቋ አለው፤ በጣሊያን ዘመን በዱር የነበሩ አርበኞች ያሳደጉት ጎፈሬ የእምቢታ ምልክት ነበር። በብዙ እናቶች አንገት ላይ የተነቀሰው ንቅሳት ደግሞ ከማንኛውም ጉርድ ፎቶ ቀድሞ ባለቤቱን የሚያሳውቅ ነው።

ታዲያ ፎቶ ቤት ገብታ ሻሿን ግፊ የተባለች ባለትዳር ሴት የምትጠየቀው በማያውቃት ወንድ ፊት ራሷን እንድትገልጥ ነው። ሐዘን ላይ ሆና የተነሣችው ሴት ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ጸጉሯ ሲያድግ ፎቶዋ ሌላ ሰው ይመስላል። የፎቶ ደንብ አውጪዎች በየትም አገር ይህን ሲያስቡ የታዩት ዘግይተው ነው፤ አንዳንዴም ከነጭራሹ አላሰቡትም። እጅግ የከፋው ምሳሌ ከአልጄሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የፈረንሳይ ጦር ለመታወቂያ ካርድ ሲል የመንደር ሴቶችን በግዳጅ እያሰለፈ ፊታቸውን አስገልጦ ፎቶ አስነሣ። ሥራው የተሰጠው ወታደር ማርክ ጋራንዤ በ10 ቀን ገደማ 2,000 ያህል ሴቶችን አነሣ። ፎቶዎቹ በኋላ ለሕዝብ ሲቀርቡ የሴቶቹ ዓይን ውስጥ ያለውን ቁጣ ያላየ የለም። የመታወቂያ ፎቶ በሰው ላይ የሚጫን ኃይል ሊሆን እንደሚችል ከእነዚያ ፊቶች በላይ የሚመሰክር የለም።

የጎጃሙ ደብተር ከዚያ በተቃራኒ የቆመ ነው ማለት ይቻላል። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ ሴቶችም መሬት ደርሷቸዋል፤ ሽግሽጉ በጎጃም የተወው ቅሬታና ሥጋት ግን ብዙ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የክልሉ አዋጅ ቁጥር 46 ወጣ፤ የአካባቢ ጥበቃ፣ መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ባለሥልጣንም ተቋቋመ። በስዊድን ድጋፍ በምሥራቅ ጎጃም ጎዛምንና በደቡብ ወሎ ደሴ ዙሪያ የተሞከረው ምዝገባ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተስፋፋ። በየቀበሌው ሕዝብ የመረጠው የመሬት ኮሚቴ ማሳ ለማሳ እየዞረ፣ አዋሳኝ እየጠራ መዘገበ፤ ዝርዝሩ ለሕዝብ ተነበበ፤ ቅሬታ ያለው ተናገረ። ልኬትን ተቃውሞ ነፍጥ ያነሣው ገበሬ ልጅ ለዚህኛው ልኬት ገመድ ይዞ ቆመ።

ወሳኙ ነገር ደብተሩ የማን ስምና ፊት ይያዝ የሚለው ነበር። ቀድማ ከ1990 ዓ.ም. ጀምራ የመዘገበችው ትግራይ ወረቀቱን በቤተሰቡ ኃላፊ ስም ብቻ አውጥታ ነበር። አማራ ግን የሁለቱንም ስም፣ የሁለቱንም ፎቶ ጠየቀ። የ1998 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 133 የባልና ሚስት የጋራ ይዞታ ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ ደነገገ። ስም ብቻ ቢሆን ኖሮ የመዝጋቢው ብዕር ሊሳሳት፣ ባልየውም የሌላ ሴት ስም ሊያስገባ ይችል ነበር። ፎቶ ግን ማንበብ ለማይችል ሰው እንኳን ይነበባል። ፊደል ያልቆጠረች እናት ደብተሩን ገልጣ «ይቺ እኔ ነኝ» ትላለች። ለፎቶው ከሚቀርበው ክርክር ሁሉ ይህ የሚበልጥ ይመስላል፤ በፎቶው ምክንያት ሰነዱ ለጸሐፊው ብቻ ሳይሆን ለባለይዞታዋም የሚገባ ሆነ።

ጣጣው ግን ቀላል አልነበረም። ፎቶ ለመነሣት ወደ ከተማ መውጣት ወይም ፎቶ አንሺ ቀበሌ ድረስ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ነው፤ ገንዘቡም ከገበሬ ኪስ ይወጣል። ለብቻዋ ቤት የምታስተዳድር ሴት ይህ ይከብዳታል። ያም ሆኖ ፎቶው ተለጠፈ። በምሥራቅ ጎጃምና በደቡብ ወሎ መረጃ ላይ ተመሥርተው ክላውስ ዳይኒንገር፣ ዳንኤል አሊና ተክኤ ዓለሙ ያካሄዱት ጥናት ደብተር የያዙ ቤተሰቦች የመነጠቅ ሥጋታቸው እንደቀነሰ፣ በአፈር ጥበቃ ሥራም ላይ የበለጠ እንደሠሩ አሳይቷል።

መራዊ ላይ የደብተሩ ዋጋ ጎልቶ የታየው በቆጋ ነው። ከከተማዋ አጠገብ በቆጋ ወንዝ ላይ በአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ የተሠራው ግድብ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ የታቀደ ነበር። ውኃው የሚተኛበት መሬት ተለቀቀ፤ መስኖው የሚደርስበት ደግሞ እንደገና ተደለደለ። እንዲህ ያለ ድልድል ሲመጣ በማሳው ላይ ማን መብት አለው የሚለው ጥያቄ ይነሣል፤ ስሟና ፊቷ ሰነዱ ላይ ያለ ሚስት ደግሞ ከጥያቄው ውጭ ልትደረግ አትችልም። ፍቺ ሲመጣም እንዲሁ ነው፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ ባለትዳሮችን እኩል ሲያደርግ ደብተሩ በእጅ የሚያዝ ማስረጃ ሆነላት።

ከዚያ ወዲህ የፎቶ ደንብ ከውጭም መጥቷል። ዲቪ ለመሙላት በየኢንተርኔት ቤቱ የሚሰለፍ ወጣት ፎቶው ምን መምሰል እንዳለበት ቃል በቃል ያውቃል፦ ነጭ ጀርባ፣ ያልፈገገ ፊት፣ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህም ያለ መነጽር። የአሜሪካ ኢሚግሬሽን እስከ 1996 ዓ.ም. ድረስ ለአንዳንድ ወረቀቶቹ ፊት ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ቀኝ ጆሮ እንዲታይ ይጠይቅ ነበር። ለሃይማኖት የሚደረግ የራስ መሸፈኛ ይፈቀዳል፤ ፊት ሙሉ በሙሉ መታየት አለበት። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የፓስፖርት መመሪያ ደግሞ በጾታ ረድፍ ከወንድና ከሴት ሌላ ያልተገለጸ የሚል ሦስተኛ ምልክት ይፈቅዳል፤ አንዳንድ አገሮች ይጠቀሙበታል፤ የኢትዮጵያ መታወቂያዎች ሁለቱን ብቻ ይይዛሉ።

አሁን ተራው ፋይዳ የተባለው የዲጂታል መታወቂያ ነው። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 መሠረት እያንዳንዱ ተመዝጋቢ 12 አሃዝ ያለው ቁጥር ያገኛል፤ 10 የጣት አሻራው፣ ሁለቱ ዓይኖቹና ፊቱ ይወሰዳሉ። ብሔር አይጠየቅም፤ ይህ ከቀበሌው መታወቂያ ትልቅ ለውጥ ነው። ፊትን የሚያነበው ግን ማሽን ሆኗል፤ ማሽን ደግሞ ፊትን ሁሉ እኩል አያነብም። አዲስ አበባ የተወለደችው ቲምኒት ገብሩና ጆይ ቡኦላምዊኒ በ2010 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት ከፊት ላይ ጾታን የሚለዩ የንግድ ፕሮግራሞች በነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ የሚሳሳቱት ከ100 አንድ እንኳን የማይሞላ ሲሆን፣ ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ ግን ስሕተቱ እስከ 34.7 በመቶ ይደርስ ነበር። ይህ ለአንዲት የመራዊ ዙሪያ ገበሬ ሴት የሩቅ ወሬ አይደለም። በወፍጮ፣ በጭቃና በማገዶ የተፋቀ ጣት አሻራው አልነበብ ሲል የሚቀራት ዓይኗና ፊቷ ነው።

ስለዚህ የመዝጋቢው ጣቢያ አሠራር ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሻሽ የምትገፋ ባለትዳር፣ ሂጃቧን የምታስተካክል ሙስሊም እናት፣ ቆብ የደፋች መነኩሲት ፊታቸውን የሚገልጡበት ጨርቅ የተጋረደበት ጥግና ሴት መዝጋቢ ሊኖር ይገባል። ወጪው ትንሽ ነው፤ በየቀበሌው በሚዘረጋው ጊዜያዊ ጣቢያም ሊደረግ የሚችል ነው። የደብተሩም ጉዳይ አላለቀም። በ1990ዎቹ የተለጠፈው ፎቶ ላይ ያሉት ባልና ሚስት ዛሬ አርጅተዋል፤ አንዳንዱ ሞቷል፣ አንዳንዱ ተፋቶ ሌላ አግብቷል። በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ፣ ማሳው በካርታ ሲነሣ፣ የአዲሷ ሚስት ፎቶ ገብቶ የቀድሞዋ ድርሻ እንዳይሰረዝ የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት መዝገቡን ገጽ በገጽ ማመሳከር ይኖርበታል።