ኮድ ሳይጻፍ በሥዕል የሚዘጋጅ ፕሮግራምና የፓተንት ይግባኝ

የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ኮድ ሳይጽፉ ሥዕላዊ ምልክቶችን በማገናኘት ብቻ ማዘጋጀት የሚያስችል ዘዴ ፓተንት ሊሰጠው ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ በአውሮፓ ፓተንት ጽሕፈት ቤት የይግባኝ ቦርድ ታይቶ ውሳኔ አግኝቷል። ውሳኔው በማሽን ዕይታ ሶፍትዌር ለተሰማሩ ወገኖችም ትርጉም አለው።

የማሽን ዕይታ በካሜራ የተነሳን ምስል ኮምፒዩተር እንዲመረምር በማድረግ በማምረቻ መስመር ላይ የሚያልፉ ዕቃዎችን ጥራት ለመቆጣጠር የሚያገለግል ቴክኖሎጂ ነው። የጠርሙስ ክዳን በአግባቡ መዘጋቱን መፈተሽ ለዚህ ምሳሌ ነው። ፍተሻውን በኮድ ለማዘጋጀት የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል። በሥዕላዊው ዘዴ ግን የፋብሪካው ቴክኒሺያን "ምስል አንሳ"፣ "ጠርዙን ፈልግ"፣ "ለካ" የሚሉ ሳጥኖችን በመስመር በማያያዝ ሥራውን ራሱ ሊያከናውን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1973 በሙኒክ የተፈረመው የአውሮፓ ፓተንት ስምምነት በአንቀጽ 52 የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችንና የአእምሮ ሥራ ማከናወኛ ዘዴዎችን፣ በራሳቸው ብቻ ሲቀርቡ፣ እንደ ፈጠራ አይቆጥራቸውም። ሆኖም የይግባኝ ቦርዱ እ.ኤ.አ. በ1986 ቪኮም በተሰኘው ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ምስልን በዲጂታል መንገድ የማቀናበር ዘዴ መሠረቱ የሒሳብ ስሌት ቢሆንም ቴክኒካዊ መሆኑን ተቀብሏል።

በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2013 በመዝገብ ቁጥር ቲ 1539/09 የታየው ይግባኝ የተለየ ውጤት አስከትሏል። ጉዳዩ ተጠቃሚው ያለ ብዙ ሥልጠና ፕሮግራም እንዲያዘጋጅ የሚያስችል ሥዕላዊ የፕሮግራም ቋንቋን የሚመለከት ነበር። ቦርዱ ፕሮግራም የማዘጋጀት ተግባር ለተጨባጭ ቴክኒካዊ ውጤት አስተዋጽኦ እስካላደረገ ድረስ የአእምሮ ሥራ መሆኑን ገልጾ፣ የፕሮግራም አዘጋጁን ድካም መቀነስ ብቻውን ለቴክኒካዊ ችግር መፍትሔ እንደማይሆን ወስኗል።

ሁለቱ ውሳኔዎች ጎን ለጎን ሲታዩ ለማሽን ዕይታ ግልጽ መለያ ይሰጣሉ። አመልካቹ "ዘዴዬ ለሰው ይቀላል" ቢል በቂ አይሆንም፤ ካሜራው የሚያነሳው ምስል በፍጥነት ወይም በትክክል እንዲመረመር ማድረጉን ማሳየት ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ2002 ኮምቪክ በተባለው ጉዳይ በተሰጠው ውሳኔ መሠረትም የፈጠራ ብቃት ሲመዘን ቴክኒካዊ አስተዋጽኦ የሌለው ክፍል ከግምት አይገባም።

ፓተንት ለ20 ዓመታት የሚዘልቅ ብቸኛ መብት የሚያስገኝ በመሆኑ መለያው ቀላል ጉዳይ አይደለም። መስፈርቱ ሲላላ ሳጥኖችን በመስመር የማያያዝ ሐሳብ በአንድ ባለመብት እጅ ይወድቃል፤ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ደግሞ ለእውነተኛ መሻሻል የደከመ ባለሙያ ያለ ጥበቃ ይቀራል።

በኢትዮጵያም በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123/1987 የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችን ፓተንት ከማይሰጣቸው ሥራዎች መድቧቸዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ በቅጂ መብት እንዲጠበቁ ደንግጓል። የቅጂ መብት የተጻፈውን ፕሮግራም እንጂ ከበስተጀርባው ያለውን ሐሳብ የሚጠብቅ ባለመሆኑ፣ ማመልከቻ የሚመረምሩ ባለሙያዎች በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አስቀድመው መለየት ይጠበቅባቸዋል።