መርፌና ክር የሠሩት የሕፃናት መጽሐፍ

የሥዕል መጽሐፍ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ቀለምና ብሩሽ ነው። በ2010 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የታተመው «ፖኬትፉል ኦቭ ፖዚስ» ግን ሥዕሎቹ በእጅ የተሰፉ ናቸው። ስሙ «ኪስ ሙሉ አበባ» እንደ ማለት ነው። ሳሊ ሜቨር የተባለች የማሳቹሴትስ ሴት ስድሳ አራት የቆዩ የእንግሊዝኛ የሕፃናት ግጥሞችን ሰብስባ፣ ለእነርሱ የሚሆነውን ሥዕል በጨርቅ ሠራች። መጽሐፉ በ2011 የቦስተን ግሎብና ሆርን ቡክን ሽልማት አግኝቷል። ሽልማቱን እንተወውና ወደ አሠራሩ እንግባ፤ ቁም ነገሩ ያለው እዚያ ነውና።

ሰዎቹ ጣት የሚያህሉ ናቸው። እጅና እግራቸው ቀጭን ሽቦ ሲሆን የጥልፍ ክር ይጠመጠምበታል። ራሳቸው የእንጨት ዶቃ ነው፤ ዐይንና አፍ በቀለም ይነጠብበታል። ልብሳቸው ፌልት ከሚባለው የታመቀ ሱፍ ይቆረጣል፤ ይህ ጨርቅ ጠርዙ ስለማይተረተር ለትንንሽ ልብስ ይመቻል። ኦክ የተባለው ዛፍ ፍሬ ክዳን ባርኔጣ ይሆናል። ጠጠሩም፣ ባሕር የተፋው እንጨትም ሥራ ላይ ይውላል፤ ሌላው ረግጦት የሚያልፈው ሁሉ ለእርሷ ዕቃ ነው። ሥራው ከመደቡ ከፍ ብሎ የሚታይ በመሆኑ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ወደ መጽሐፉ ይገባል፤ ጥላው እንኳ ሳይቀር አብሮ ታትሟል። ሕፃኑ ክሩን ለመንካት ጣቱን ሲሰድ የሚያገኘው ግን ልሙጥ ወረቀት ነው።

የእነዚህ ግጥሞች አብዛኞቹ ደራሲያቸው አይታወቅም። በ1744 ለንደን ላይ በትንሽ መጽሐፍ ታትመው የተገኙት እንኳ ከዚያ በፊት በሞግዚትና በእናት አፍ የኖሩ ናቸው። ስለ ሜሪና ስለ በጓ የተነገረው ግን ባለቤት አለው፤ ሣራ ሄል የተባለች አሜሪካዊት በ1830 አሳተመችው፤ ሜቨርም በ1995 ይህንኑ ብቻውን መጽሐፍ አድርጋ በጨርቅ ሠርታዋለች።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን ግን የሕሞንግ ሕዝብ ታሪክ ይመስለኛል። ከ1975 ጀምሮ ሕሞንጎች ከላኦስ ሸሽተው የሜኮንግን ወንዝ እየተሻገሩ ታይላንድ ገቡ፤ ባን ቪናይን በመሳሰሉ ካምፖችም ተቀመጡ። ጥልፋቸው ቀድሞ ለልብስ የሚሆን ሐረግና ጥለት ነበር። በካምፕ ውስጥ ግን ሰው፣ ቤት፣ አውሮፕላን፣ ወንዝ የሚዋኝ ቤተሰብ ይጠልፉ ጀመር። ሥራው ለገበያ ነበርና ገዢው ደስ እንዲለው ቀለሙ ለዘብ አለ፤ የእንግሊዝኛ ጽሑፍም ተጠለፈበት። ይህን የሚነቅፉ አሉ፤ እኔ ግን አልነቅፍም፤ የሸሸ ሰው እንጀራ መብላት አለበት። የሚያሳዝነው ብዙው ጨርቅ የጠላፊው ስም ሳይጻፍበት መሸጡ ነው። በ1996 «የዲያ የታሪክ ጨርቅ» የተባለው የሕፃናት መጽሐፍ ሲታተም ግን ዲያ ቻ ጨርቁን የጠለፉትን አጎቷንና አክስቷን በስማቸው አስታውቃለች።

በእኛም ዘንድ የትራስ ልብስና የጠረጴዛ ልብስ የሚጠልፉ እጆች አሉ፤ እሹሩሩ የማይሉ እናቶችም የሉም። ሁለቱን ያገናኘ ጨርቅ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። የካምፑ ልጆች ደግሞ ዜማውን ይዘው ቃሉን እየጣሉት ነው፤ ሌላ ቋንቋ በየቀኑ ጆሯቸው ይገባል፤ በመርፌ ከተያዘ ግን ቢያንስ «ይህ ምንድር ነው?» ብለው ይጠይቃሉ።

ችግሩ የሚጀምረው ከመርፌው ላይ ነው። እንግሊዛዊቱ ሕፃኑን በአልጋ ታስተኛዋለች፤ ስለዚህ ፊቱ ይታያል። የእኛ ሕፃን በአንቀልባ ታዝሎ ፊቱ ከእናቱ ጀርባ ላይ ተለጥፏል። ጠላፊዋ እናቲቱን በጀርባዋ ካላዞረቻት ሕፃኑ አይታይም፤ ካዞረቻት ደግሞ የምትዘፍነው አፍ ይጠፋል። እኔ ብጠየቅ እናቲቱን በጎን አቆማትና ከነጠላዋ ጥለት ሥር የሕፃኑን አንዲት እግር ብቻ አወጣት ነበር።