የቤት ፊት በይፋት ቆላ፤ ከድንጋይ ካብ እስከ መንገድ ዳር ቀለም

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወርድ መንገደኛ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወደ ኋላው ትቶ፣ ጠመዝማዛውን ሲጨርስ ጋቢውን ያጥፍና መስኮት ይከፍታል። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ግራና ቀኝ የሚያየው ሁሉ የቤት ፊት ነው። ቤቶቹ ከመንገዱ ጋራ ተፋጠው ቆመዋል፤ አንዱ በኖራ ነጥቷል፣ አንዱ በሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፣ በአንዱ በረንዳ ላይ በቆርቆሮ ጣሳ የተተከለ አበባ ይታያል። እኔም በዚያው ከተማ ያደግሁ ነኝና ይህ ሁሉ ከጥንት የነበረ ይመስለኝ ነበር። ቤት በይፋት ቆላ ፊቱን ወደ መንገድ ያዞረው ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ የጠየቅሁት ወደ ኮሌጅ ከመጣሁ በኋላ ነው።

ይህን ርእስ ስመርጥ ጓደኞቼ ሥቀውብኛል። የታሪክ ተማሪ የነገሥታትን ዜና መዋዕል ትቶ ስለ ልስንና ስለ አጥር ሲጽፍ ማየት ያሥቃል መሰለኝ። ነገር ግን የነገሥታቱን ዜና ስናነብ የሕዝቡ ቤት ምን ይመስል እንደ ነበር እምብዛም አናገኝም፤ ጉድለቱም ትንሽ አይደለም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲረዳልኝ እለምናለሁ።

የይፋት ስም በታሪክ ገንኖ የሚነሣው በ1285 የወላስማ ሥርወ መንግሥት የሸዋን የመኽዙሚ ሱልጣኔት ከያዘ ወዲህ ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት የጻፈው ዓረባዊው ሊቅ አል ዑመሪ፣ ወደ አገሩ ሳይመጣ ከሚያውቁት ጠይቆ፣ ስለ ይፋት ሰፊ ወሬ ትቶልናል። ስለ ሙዙ፣ ስለ ሎሚውና ስለ ጫቱ ይነግረናል፤ ቤቱም ከጭቃ፣ ከድንጋይና ከእንጨት የተሠራ መሆኑን ይገልጻል። ከ2000ዎቹ ዓመታት ጀምሮ እነ ፎቬልና ኢርሽ የሚባሉ የፈረንሳይ ሊቃውንት በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ባሉት ተረተሮች ላይ ኖራን፣ አስበሪንና ሌሎችንም የፈረሱ ከተሞች አጥንተዋል። የተገኘው በድንጋይ የተካበ መስጊድ፣ የቤት ግድግዳና መቃብር ነው። (ኖራ የሚለው የቦታ ስም ከምንቀባው ኖራ ጋር ዝምድና ይኑረው አይኑረው አንድ የቋንቋ ተማሪ ቢመረምርልን ደስ ይለኛል፤ እኔ ግን በድምፁ ብቻ ተስቤ ታሪክ ልፈጥር አልወድም።)

ከዚህ የምንረዳው ዋና ነገር የቦታው አመራረጥ ነው። እነዚያ ከተሞች የተቆረቆሩት ዛሬ ከተማው በተኛበት ሜዳ ላይ ሳይሆን በተረተሩና በገደሉ አፋፍ ነበር። ሜዳው ሙቀት አለው፣ ወባም አለው፤ አፋፉ ግን ነፋስ ያገኛል፣ መጪውንም ከሩቅ ያሳያል። ዛሬም አርጎቦች በተራራው ወገብ ላይ የድንጋይ ቤት የሚሠሩት ይህንኑ ልማድ ይዘው ይመስለኛል። የእነዚህ ቤቶች ውበት በካቡ ነው፤ ድንጋዩ ተመርጦና ተገጣጥሞ ይቀመጣል፣ ቀለም አይፈልግም። የወላስማ ስም ራሱ ረጅም ዕድሜ ነበረው። በ1841 ሜጀር ሐሪስ ከቦምቤይ ተልኮ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ የተቀበለው የይፋት ገዥ ወላስማ መሐመድ ይባል ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ጆንስተን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በአልዩ አምባ ገበያ አጠገብ ቤት ይዞ ወራት ተቀምጧል። የታጁራና የሐረር ነጋዴ የሚያርፍበት ያ ገበያ እንኳ በአምባ ላይ ነበር።

በሜዳው ላይ የኖረው ገበሬ ቤት ደግሞ ሌላ ነው። ቋሚው ይተከላል፣ ማገር ይታሰርበታል፣ ጭድ ገብቶበት የቦካ ጭቃ ይመረጋል። ምርጊቱ ደርቆ ሲሰነጠቅ ሴቶች ደቃቅ አፈርና እበት ለውሰው ይለስኑታል። ልስኑ ለዓይን ብቻ የተደረገ አይደለም፤ ስንጥቁን ይደፍናል፣ ትኋንና ምስጥ መግቢያ እንዳያገኙ ያደርጋል። ክርስቲያኑ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል፣ እስላሙም ለዒድ ግድግዳውን ያድሳል። የዚህ ቤት ፊት ግን ግድግዳው ሳይሆን ጥላው ነበር ለማለት እደፍራለሁ። እንግዳ የሚቀመጠው፣ ሽማግሌ የሚሸመግለው፣ ቡናም የሚፈላው በግራሩ ወይም በቁርቁራው ሥር ነው። ዙሪያውን የቅንጭብ ወይም የእሾህ አጥር ጅብና ከብት ይከለክላል፤ ከአጥሩ ውጭ ያለ ሰው ቤቱን አያየውም፣ እንዲያየውም አይፈለግም ነበር።

ይህን የለወጠው መንገዱ ነው። ኢጣልያኖች ከ1936 እስከ 1941 አገራችንን በያዙበት ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ የሚወስደውን መንገድ ሲሠሩ የጣርማ በርን ተራራ በስተው ወደ ቆላው አወረዱት። መንገዱ የሄደው በአምባው ሳይሆን በሜዳው ነው። ቅራሪ፣ ሻይና አልጋ የሚሸጥ ሰው ቤቱን ከአጥር ውስጥ ሊደብቅ አይችልም፤ ሾፌር እንዲያየው ያስፈልጋል። ስለዚህ ቤቱ ዞረ፣ አጥሩም ከፊት ወደ ጓሮ ሄደ። በረንዳ መጣ፤ ቃሉ ራሱ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። የሳሩን ክዳን ቆርቆሮ ተካው። ቆርቆሮ እሳት አይፈራም፣ በየዓመቱም አይታደስም፤ በሸዋ ሮቢት ቀትር ላይ ግን ከሥሩ ቁጭ ያለ ሰው የአያቱን ጎጆ ይናፍቃል። ጥላው በመንገዱ ስፋት ስለ ተቆረጠ ሰው በቀለም አካካሰው ብል ማጋነን አይሆንም።

ዛፍም ቢሆን የተተከለው በኋላ ነው። የባሕር ዛፍ ወደ አዲስ አበባ የመጣው በ1890ዎቹ፣ በዓፄ ምኒልክ ዘመን፣ በሞንዶን ቪዳይሌ አማካይነት ነው ይባላል፤ ነጩ ባሕር ዛፍ ደጋ ይወዳል እንጂ ቆላ አይስማማውም። በቆላው ኒም ገባ፤ ጥላው ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ድርቅም ይችላል። ሁሉም የፈረንጅ ተክል ግን እንደ ኒም ደግ አይደለም። የወፍ ቆሎ የምንለው ቁጥቋጦ በብዙ አገሮች ለአበባውና ለአጥርነቱ የተተከለ ነው፤ ዛሬ በወሎና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላዎች ግጦሹን ወርሶታል። ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ወደ አዋሽ ሸለቆ የገባው ፕሮሶፒስም በአፋር ያደረገው ከዚህ የከፋ ነው። ደጁን ለማሳመር አንድ ችግኝ የሚያመጣ ሰው የጎረቤቱንም መስክ እየተከለ መሆኑን ያውቅ ዘንድ ይገባዋል።

በግንቦትና በሰኔ 1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬን ማዕከል ያደረገ የመሬት መንቀጥቀጥ ይፋትን መታ። ማጀቴ ፈራረሰች፣ በካራ ቆሬም ብዙ ቤት ወደቀ፣ ዋናው መንገድ ተሰነጣጠቀ። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ ኃላፊ የነበሩት አባ ፒዬር ጉዋን ሁኔታውን መርምረው ጽፈዋል። በጭቃ ብቻ የተያያዘ የድንጋይ ካብ ሲወዛወዝ ይናዳል፤ በማገር የታሰረው የጭቃ ቤት ግን ልስኑ ይረግፍ እንጂ አጥንቱ ይተርፋል። ቀለም ቀቢው ይህን አያይም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን በኩል ምድሪቱ ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ ነገሩ ያረጀ ወሬ እንዳልሆነ አስታውሳናለች።

በ2013 ዓ.ም. ደግሞ አጣዬ በግጭት ተቃጠለች፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። ከዚያ በኋላ የቆመውን ቤት ሁሉ እንደ ጌጥ ማየት አልችልም። የተቃጠለ በር አውልቆ አዲስ በር የሚቀባ ሰው ሊሸጥ ወይም ሊታይ ብሎ ብቻ አያደርገውም፤ እዚሁ ነኝ ማለቱ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማት የሚደረገውን የሕንፃ ፊት ማሳመር ከዚህ ጋር የሚያመሳስሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም፤ በአዲስ አበባ ትእዛዙ የሚመጣው ከማዘጋጃ ቤት ነው፣ በቆላው ግን ከባለቤቱ ነው።

ወባን ሳላነሣ ባልፍ የቆላ ልጅ አይደለሁም። በ1958 በደጋው ጠርዝ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደ ጨረሰ ይገመታል። በማግሥቱ፣ በ1959፣ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቁሞ ግድግዳን በውስጥ በኩል በዲዲቲ መርጨት ተስፋፋ። መድኃኒቱ የሚሠራው ትንኝዋ ከግድግዳው ላይ ስታርፍ ነው። የረጪዎቹ ትልቅ ችግር ልስን ሆነ። መድኃኒቱ በተረጨ በሳምንቱ በዓል ከመጣ እመቤቲቱ የተበከለ የመሰላትን ግድግዳ በእበትና በአፈር ትሸፍነዋለች፤ ትንኝዋም በንጹሕ ልስን ላይ በሰላም ታርፋለች። ዲዲቲ ቀርቶ ሌላ መድኃኒት ከተተካም በኋላ ነገሩ ያው ነው።

በቤታችን ይህ ደርሷል። ረጪዎቹ መጥተው ሄዱ፤ ለምን እንደ ረጩ እንጂ ግድግዳው እስከ መቼ መነካት እንደሌለበት አልነገሩንም። እናቴ ለመስቀል ለሰነች። በጥቅምት ታናሽ ወንድሜ በወባ ወደቀ፤ ዳነ፣ ግን አንድ ዓመት ከትምህርቱ ቀረ። እናቴ ጥፋቱን ለራሷ ሰጥታ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ የውስጡን ግድግዳ ከረጪዎቹ በፊት በነሐሴ ትለስነዋለች፤ ለበዓል የምትነካው በመንገዱ በኩል ያለውን ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት ስሄድ እሱን ኖራ ቀብታ፣ የበሩን መቃን ደግሞ አረንጓዴ አድርጋው አገኘሁ። ከበሩ ፊት ሁለት የኒም ችግኝ ተክላለች፤ ፍየል እንዳይበላቸው በእሾህ አጥራቸዋለች።