ወንዙን ማስዋብ ወይስ ማዳን?

የሲንጋፖርን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምናነሳው ስለ ፎቅና ስለ ወደብ ነው። ዛሬ ስለ አንድ ወንዝ እናውራ።

ጎርፍ ያስቸገራት ሲንጋፖር የካላንግን ወንዝ በኮንክሪት ቦይ አስራው ነበር። ውሃው ቶሎ ወረደ፤ ወንዙ ግን ወንዝነቱን አጣ። እ.ኤ.አ. በ1988 ቢሻን ፓርክ ሲከፈት እንኳ አጠገቡ ያለው ቦይ እንጂ ወንዝ አልነበረም።

በ2012 ግን ነገሩ ተገለበጠ። 2.7 ኪሎ ሜትር ቀጥ ያለ ቦይ ፈርሶ 3.2 ኪሎ ሜትር የሚጠማዘዝ ወንዝ ሆነ። ዳርቻውን የያዙት ድንጋይና የዕፅዋት ሥር ናቸው። ከባድ ዝናብ ሲጥል ውሃው በሣሩ ላይ ይተኛል፤ ሲያባራ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ወፎች መጡ፤ ኦተር የሚባለው ዓሣ በል እንስሳም ታየ።

ልብ በሉ! ይህ ከመሆኑ በፊት ሌላ ሥራ ነበር። ከ1977 እስከ 1987፣ አሥር ዓመት ሙሉ፣ ሲንጋፖር የሲንጋፖር ወንዝንና የካላንግን ተፋሰስ ስታጸዳ ከረመች። የአሳማ እርባታው፣ የፍሳሹ መስመር፣ የመንገድ ላይ ምግብ ሻጩ ሁሉ መልክ እንዲይዝ ተደረገ። ብዙ ሰውም ከቀየው ተነሳ፤ ዋጋው ቀላል አልነበረም። ውበቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እኛስ? የሸገር ወንዞች ዳርቻ ልማት በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር 56 ኪሎ ሜትር ታስቦ ነው። መናፈሻው ያምራል፤ አንክድም። ነገር ግን በአቃቂ ውሃ የሚለማው ጎመን ዛሬም ከማዕዳችን አይጠፋም። ፋብሪካውና መጸዳጃው ወደ ወንዙ እየፈሰሱ ዳርቻውን ብቻ ብናስጌጥ፣ ያልታጠበ ገላ ላይ አዲስ ልብስ መደረብ ነው።

ቅደም ተከተሉ ይከበር፤ መጀመሪያ ውሃው፣ ከዚያ ዳርቻው።