የኤንቢኤ ድራፍት፦ ማን ይመረጣል? እንዴት? የባሕር ዳር ልጅስ?

ድራፍት ሲባል ጣና ዳር ቁጭ ተብሎ የሚጠጣው ቢራ ትዝ ያላችሁ አትጠፉም። የዛሬው ግን ሌላ ነው። የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ በየዓመቱ ከኮሌጅና ከውጭ ሀገር የሚመጡ አዳዲስ ተጫዋቾችን ለ30 ክለቦቹ የሚያከፋፍልበት ሥርዓት ነው። በእኛ ሰዓት ሌሊት ላይ ስለሚውል (የ2025ቱ ሐሙስ ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው የጀመረው) ብዙዎቻችን ውጤቱን የምናየው ጠዋት ስልካችንን ስንከፍት ነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እንንገራችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ቅርጫት ኳስ የሚጫወት፣ 22 ዓመት ያለፈው ልጅ ሳያውቀው በኤንቢኤ ድራፍት አልፎ ሊሆን ይችላል። ቀልድ አይደለም። እንዴት እንደሆነ ከታች እናብራራለን። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

🏀 ድራፍት ማለት ምን ማለት ነው?

የዩኒቨርሲቲ ምደባን አስቡት። 12ኛ ክፍል ተፈትናችሁ ምርጫችሁን ትሞላላችሁ፣ ከዚያ የደረሳችሁ ቦታ ትሄዳላችሁ። ድራፍትም ምደባ ነው፤ ልዩነቱ ተጫዋቹ ምርጫ አይሞላም። የሚመርጠው ክለቡ ነው። ቀድሞ የሚመርጠው ደግሞ ጎበዙ ክለብ ሳይሆን ደካማው ነው።

በአውሮፓ እግር ኳስ ገንዘብ ያለው ክለብ ምርጡን ልጅ ይገዛል። ድራፍቱ ይህን ለመገልበጥ ነው የተፈጠረው፤ የመጀመሪያው የተካሄደው በ1947 ነው። አሁን ሁለት ዙር አለው፣ ሁሉም ተራ ከተሟላ 60 ልጆች ይመረጣሉ።

🎱 ተራው እንዴት ይወጣል?

መጨረሻ የወጣው በቀጥታ አንደኛ ይምረጥ ቢባል ክለቦች ሆን ብለው መሸነፍ ይጀምራሉ። ስለዚህ ከ1985 ጀምሮ ዕጣ አለ። የ2025ቱን አሠራር እንይ፦

• ወደ ፕሌይኦፍ ያላለፉ 14 ክለቦች ዕጣ ውስጥ ይገባሉ።
• ቁጥር የተጻፈባቸው 14 ኳሶች ማሽን ውስጥ ይሽከረከሩና 4 ይወጣሉ። ሊወጡ የሚችሉት ጥምረቶች 1,001 ናቸው። አንዱ ይተውና 1,000ው ለክለቦቹ ይከፋፈላል።
• ሦስቱ ደካማ ክለቦች እያንዳንዳቸው 14 በመቶ ዕድል አላቸው።
• ዕጣው የሚወስነው ከ1ኛ እስከ 4ኛ ያለውን ተራ ብቻ ነው። የቀረው በውጤት፣ ከደካማው ጀምሮ ይደረደራል።

በዚያ ዓመት ዳላስ ማቭሪክስ 1.8 በመቶ ዕድል ብቻ ይዞ አንደኛውን ተራ አገኘና የዱክ ዩኒቨርሲቲውን ኩፐር ፍላግን ወሰደ። ከሁሉም መጨረሻ የወጣው ዩታ ጃዝ ደግሞ 5ኛ ተራ ላይ ወደቀ። ዕጣ ዕጣ ነው።

📋 ማን መግባት ይችላል?

• ማንኛውም ተጫዋች ድራፍቱ በሚካሄድበት ዓመት ውስጥ ቢያንስ 19 ዓመት ሊሞላው ይገባል።
• አሜሪካ ውስጥ የተማረ ከሆነ ከሁለተኛ ደረጃ ከጨረሰ አንድ ዓመት ማለፍ አለበት። ብዙዎቹ ይህን አንድ ዓመት ኮሌጅ ውስጥ ይጫወታሉ።
• ከአሜሪካ ውጭ የሚኖርና የሚጫወት ልጅ 22 ዓመት ሳይሞላው መግባት ከፈለገ ከድራፍቱ 60 ቀን በፊት ለሊጉ በጽሑፍ ያሳውቃል።
• 22 ዓመት የሚሞላበት ዓመት ላይ ግን ምንም ሳያደርግ በራሱ ብቁ ይሆናል።

መጀመሪያ ላይ ያልነው ይኸው ነው። ፔዳ ግቢ ሜዳ ላይ ሲጫወት 22 የሞላው ልጅ በሕጉ መሠረት ሊመረጥ ይችል ነበር። ያ ሌሊት አለፈ፣ ማንም ስሙን አልጠራም፣ እሱም ተኝቶ ነበር።

ሴቶችስ? የደብሊው ኤንቢኤ ድራፍት ብዙ ጊዜ ኤፕሪል ላይ ነው። በ2025 በነበረው ሕግ ከአሜሪካ ውጭ የምትጫወት ልጅ በዚያ ዓመት 20 ከሞላት መግባት ትችላለች።

💵 ገንዘቡስ?

በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ የ4 ዓመት ውል ያገኛል፤ የመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ዋስትና አላቸው። የፍላግ ውል በ4 ዓመት ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። በሁለተኛው ዙር የተመረጠ ግን እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም፣ ከክለቡ ጋር ተደራድሮ ነው የሚፈርመው።

አለመመረጥም የመጨረሻ አይደለም። ቤን ዋላስ በ1996 ማንም አልመረጠውም፤ በኋላ ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2021 የዝና አዳራሽ ገባ። ኒኮላ ዮኪች በ2014 41ኛ ሲመረጥ ሰርቢያ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ዛሬ የት እንዳለ ታውቃላችሁ።

🌍 ከእኛ ሰፈርስ?

ካማን ማሉዋችን እንይ። ደቡብ ሱዳን ተወልዶ ካምፓላ ነው ያደገው። ቅርጫት ኳስ የጀመረው በ2019 ነው። ከዚያ ሴኔጋል ወዳለው የኤንቢኤ አፍሪካ አካዳሚ ገባ፣ በአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ተጫወተ፣ በ16 ዓመቱ የ2023 የዓለም ዋንጫ ላይ ተሰለፈ፣ በ2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ ሄደ፣ አንድ ዓመት ዱክ ተጫወተ። በ2025 ድራፍት 10ኛ ተመረጠ፤ አሁን የፊኒክስ ሰንስ ነው። ኳስ ከጀመረ 6 ዓመት ገደማ።

ልብ በሉ፣ ይህን ልጅ ድራፍቱ አላገኘውም። አካዳሚው፣ ሊጉና ብሔራዊ ቡድኑ ቀድመው አሳይተውት ነበር። ድራፍት የታየን ልጅ ያከፋፍላል እንጂ ያልታየን አይፈልግም። ካምፓላ ደግሞ ከባሕር ዳር ያን ያህል ሩቅ አይደለችም። የካምፓላው ልጅ የሚያየው ሰው አገኘ። ጣና ዳር ያለው ረጅም ልጅ ደግሞ በ22 ዓመቱ የሚያልፈውን ሌሊት ሳይሆን በ14 ዓመቱ የሚያየውን ሰው ነው የሚፈልገው።

ስለዚህ ለምትጫወቱ፦

• ሙሉ ጨዋታችሁን በስልክ አስቀርጹ። የሦስት ሰከንድ ደንክ ብቻ ማንንም አያሳምንም።
• ትምህርታችሁን አትልቀቁ። በአሜሪካ ኮሌጅ ከፍተኛው ዲቪዚዮን ውስጥ ለመጫወት ከሁለተኛ ደረጃ 16 ዋና ዋና የትምህርት ኮርሶች ይጠየቃሉ። ትራንስክሪፕታችሁ ከቁመታችሁ እኩል ይታያል።
• «ክፈሉና ድራፍት ላይ እናስመዘግባችሁ» የሚል ሰው ከመጣ እለፉት። ለመመዝገብ የሚከፈል ገንዘብ የለም። በ22 ዓመታችሁ በነፃ የእናንተ የሆነውን መብት ነው መልሶ ሊሸጥላችሁ የሚፈልገው።

ሰፈራችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ ይህን ላኩለት። ታናሽ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ላኩለት።