ሰፈር

«ሰፈር» የጦር ሠራዊት ቃል ነው። «ሰፈረ» ማለት ጉዞውን ገታ፣ ድንኳኑን ተከለ ማለት ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ስትቆረቆር መኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ቦታ እየተሰጣቸው ሰፈሩ፤ ጭፍራው፣ ባለሙያው፣ ቤተ ዘመዱ በጌታው ግቢ ዙሪያ ጎጆውን ቀለሰ። ራስ ካሳ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የምንለው ከዚህ የተነሣ ነው። ድንኳኑ ቤት ሆነ፤ ቤቱም ዕድር፣ ቡና የሚጠራራ ጎረቤት፣ «የሰፈሬ ልጅ» የሚባባል ትውልድ አፈራ።

ስለዚህ ሰፈር የቤቶች ድምር ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም ፒያሳ ሲፈርስ አንዳንድ ሕንፃዎች በቅርስነታቸው ተረፉ። መትረፋቸው መልካም ነው፤ ዙሪያው የተነሣበት ቤት ግን ሰፈር አይባልም። ሐረር ጀጎል በ1998 ዓ.ም በዩኔስኮ የተመዘገበው ከነግንቡ፣ ከነበሮቹ፣ ከነጠባብ መንገዶቹ ነው። ትክክለኛው አያያዝ ይህ ይመስለኛል።

ቅርስ የምትመዘግቡ ሆይ፣ ሰፈሩን ከነስሙና ከነነዋሪው መዝግቡልን።